ባሕር ዛፍ በአየር ብቻ አያድግም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቁጠባ ሣጥን፣ ለነጋዴውም የአጣናና የማገር ምንጭ ነው። ስለዚህ ዛፉን የሚያሳድገው ምን እንደ ሆነ መመርመር የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 315 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዛፍ ግንዱን የሚሠራው ከዚህ ጋዝ ስለ ሆነ፣ ጋዙ ሲበዛ ችግኙ ይፈጥናል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋው ግን ግማሽ እውነት ነው። ችግኝ በፈጠነ መጠን ከአፈር የሚፈልገው ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ይህን ካጣ ዕድገቱ ይገታል። በአሜሪካ፣ ኦክ ሪጅ በተባለ ስፍራ፣ በወጣት ዛፎች ላይ ይህ ጋዝ ተጨምሮ ሲፈተን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 24 በመቶ የነበረው የዕድገት ብልጫ በ2008 ወደ 9 በመቶ ወረደ። ዋናው ምክንያት የናይትሮጅን ማነስ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሒሳብ ወደ መንዝ ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል። በብርድ አገር አፈር ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። ማሳውን ሊያዳብር የሚችለው ኩበት በምድጃ ይነዳል፤ ናይትሮጅኑም ከጢሱ ጋር ይበናል። ዛፉ ሲቈረጥም ግንዱ ለገበያ፣ ቅጠሉ ለምጣድ ይሄዳል፤ ከጉቶው ለሚያቈጠቍጠው የሚተርፍ የለም። ይህ ከዋናው እየቀነሱ ትርፍ አገኘሁ እንደ ማለት ነው። አስመጪው እንደሚያውቀው፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በደጋው ምድጃ የሚቃጠለውም ይኸው ሀብት ነው።

እንግዲህ አጣና ገዢው፣ ቅጠሉና ቅርፊቱ በቦታው እንዲቀር በውሉ ውስጥ ሊያስገባ ይገባዋል። ቅጠሉ ከቀረ እመቤቲቱ በምን ትጋግር የሚል ቢኖር፣ መልሱ በባለ ሱቁ እጅ ነው፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቅርብ። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈርን የሚያለማው የትሪ ሉሰርን ዘርም ለገበያ ቢቀርብ፣ ለበጉ መኖ፣ ለማሳው ብርታት ይሆናል።

አየሩ ለሁሉም በነፃ ይደርሳል፤ አፈሩ ግን የተወሰደበት ካልተመለሰለት ለቀጣዩ ቈረጣ አያበድርም።