ሙያ ለሁሉም፦ ፓወር ሰፕላይ ሲያብድ

ራዲዮ ጥገና የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው ላነሱት ጥያቄ ዛሬ መልስ ይዘን ቀርበናል። የጥገና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ፓወር ሰፕላይ መቆጣጠሪያው ቢዞር ባይዞር ቮልቱ አልቀንስ ብሎ 24 ላይ ተገትሮ ሲቀር ምን ይደረጋል? ነገሩ ቀላል አይደለም። በ6 ቮልት የሚሠራ የጎረቤት ራዲዮ እንዲህ ባበደ ዕቃ ላይ ከተሰካ አበቃለት፤ ዕዳውም የጠጋኙ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መቆጣጠሪያውን ነው። በእጅ የሚዞረው እሱ ነዋ! ነቅሎ ሌላ ይገዛል፤ ያም ካልሠራ ሌላ ዕቃ ይነቅላል። እዚህ ኸሽም ኤል ቂርባ ተቀምጦ ለአንዲት ዕቃ ወደ ከሰላ ወይም ወደ ገዳሪፍ መላክ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ካውያ ከመጋሉ በፊት ዲያግራሙን እንዘርጋ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ምልክቶቹ ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለዓረብኛ ተናጋሪ አንድ ናቸው። የሚነበበው ግን ብዙውን ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ዓረብኛ የለመደ ልብ ይበል።

ከሶኬት የገባውን 230 ቮልት ትራንስፎርመሩ ወደ 18 ያወርደዋል። አራቱ ዳዮዶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉታል፤ ትልቁ ኮንደንሰር ያጠራቅመዋል። 18ን በ1.41 አባዝተን ለዳዮዶቹ 1.4 ስንቀንስ 24 ይመጣል። ከዚያ የሚቀጥለው ትልቁ ትራንዚስተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ቱ-ኤን-3055 የሚባለው ባለ ብረት ቆብ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያለቀውን የአትባራ ግድባችንን አስቡት። ኮንደንሰሩ የተጠራቀመው ውኃ ነው፣ ትራንዚስተሩ በሩ ነው፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ በሩን የሚያዘው ሰው። መውጫው ላይም 24 ካገኘን በሩ ወለል ብሏል ማለት ነው።

ግን በሩ ተሰብሮ ነው ወይስ ታዞ? ዋናው ነገር ይቺ ናት። ምንም ሳንነቅል በቴስተር ቤዙንና ኤሚተሩን እንለካለን። ቤዙ ከኤሚተሩ በ0.6 ቮልት ያህል ከበለጠ ትራንዚስተሩ ጤነኛ ነው፤ ትእዛዝ እየፈጸመ ስለሆነ ጥፋቱን ከኋላው፣ ከአዛዦቹ መስመር እንፈልግ። ቤዙ ዝቅ ብሎ ኤሚተሩ አሁንም 24 ከሆነ ግን ትራንዚስተሩ ውስጡ ተገናኝቷል። ለማረጋገጥ ሶኬቱን ነቅለን፣ ኮንደንሰሩን በሁለት ተከታታይ የ12 ቮልት የመኪና አምፖሎች እናራግፈው። በካቻቢቴ ማገናኘት ይቅር፤ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ትራንዚስተሩን ፈትተን ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በኦም ስንለካ፣ ገመዱን ብናገላብጥም ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሞቷል።

አዲሱን ስንተካ ከሥሩ ያለችው ስስ ሚካ እንዳትጠፋ። የብረት ቆቡ ራሱ ኮሌክተር ስለሆነ ያለ እሷ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር ይገናኛል። ማቀዝቀዣውንም እንጥረገው፤ ሀቡብ የሞላበት አቧራ ሙቀት አያስወጣም፣ አዲሱንም ይገድለዋል።

መጀመሪያ ስናበራ በሶኬቱ መስመር ላይ ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በተከታታይ እናስገባ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ የተገናኘ ነገር አለና ወዲያው እንንቀል። ራዲዮውን የምንሰካው መርፌው ከመቆጣጠሪያው ጋር ሲወጣና ሲወርድ ካየን በኋላ ነው።