ጠብታውን ማን ያድርግላቸው?

ከመካከላችን የአንዱ አጎት ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ይኖራሉ። ግራ ዓይናቸውን ግላኮማ ወስዶታል። ቀኙን ለማትረፍ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ታዞላቸዋል። ጣቶቻቸው ግን ድሮ በያዛቸው የሥጋ ደዌ ተጎድተዋል። በሁለት መዳፋቸው ብልቃጧን ሲጫኗት መድኃኒቱ ጉንጫቸው ላይ ይፈሳል። ባለፈው ቀጠሯቸው ሐኪሙ የዓይናቸውን ግፊት ለክቶ ካርዳቸው ላይ "መድኃኒቱን በአግባቡ አይጠቀሙም" ብሎ ጻፈ። እሳቸው ቤት ሲገቡ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ "እኔ መቼ እምቢ አልኩት ልጄ? እሱ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ።"

ዛሬ ብዕር ያስነሳችን ያቺ ካርድ ላይ የሰፈረች ዓረፍተ ነገር ናት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር ተያይዞ ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። የዓይን ሞራ የጋረደው ዓይን በቀዶ ሕክምና ይበራል። ግላኮማ የወሰደው ግን አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከእነዚህ መካከል 5.2 በመቶ የሚሆኑትን ያሳወራቸው ግላኮማ ነው።

ጠብታው የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ያቆያል እንጂ። ቢያደርጉት ለውጥ አይታይም፣ ቢተዉትም በማግስቱ አያምም። ስለዚህ ሙሉ ጤነኛ ሰው እንኳ ይዘነጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጅማ ጥናት ጠብታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚጠቀሙት ሕሙማን ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል።

እንግዲህ በዚህ ላይ አካል ጉዳትን ጨምሩበት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንዷን ጠብታ ዓይኑ ውስጥ ለማስገባት ሦስቱን ይደፋል። 5 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የቲሞሎል ብልቃጥ ለሁለት ዓይን በቀን ሁለቴ ስትደረግ አንድ ወር ያህል ታገለግላለች። ግማሹ ከፈሰሰ በአሥራ አምስት ቀን ታልቃለች፤ ቀጠሮው ግን ገና ነው። መስማት የተሳነው ሰው በፋርማሲ መስኮት በኩል በችኮላ የሚነገረውን ከየት ይሰማል? ማየት የተሳነው ሰው መጠናቸው አንድ የሆኑ ሁለት ብልቃጦችን በምን ይለያል? በክራንች የሚሄደው ደግሞ ከጮቄ ሥር ተነስቶ፣ በክረምት ጭቃ፣ በየወሩ ማርቆስ ይመላለስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ጥቂት አይደለም።

"ቤተሰብ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አለ። ግን አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዷ ትምህርት ቤት ናት፣ የቀሩት ከተማ ገብተዋል። ከተማ ከገቡት ውስጥ እኛም አለንበት።

ለዚህ ነው "አይጠቀሙም" የምትለዋን ቃል የምንቃወማት። መፍቀድና መቻል ለየቅል ናቸው። ባለሙያዎቻችን በስንት ሕመምተኛ እንደሚጨናነቁ እናውቃለን፤ የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም። ማዘዣው ከመጻፉ በፊት "ማን ያደርግልዎታል?" ተብሎ ይጠየቅ። ሕመምተኛው ወይም ረዳቱ ጠብታውን እዚያው ሐኪሙ ፊት አድርጎ ያሳይ። ሁለት መድኃኒት ለሚወስድ ዓይነ ስውር አንደኛው ብልቃጥ ላይ ላስቲክ ይታሰርበት፤ ወጪው ምንም ነው። ከሩቅ ለሚመጣ አካል ጉዳተኛ የወር ሳይሆን የሦስት ወር መድኃኒት ይሰጠው።

ጠብታ ጭራሽ ለማይሆንላቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ታንዛኒያ ውስጥ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ በሞሺ ከተማ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ኤስኤልቲ የተባለው የሌዘር ሕክምና ከአንድ ዓመት በኋላ 61 በመቶ በሚሆኑት ዓይኖች ላይ ሲሳካ ቲሞሎል የተሳካው በ31 በመቶው ብቻ ነው። ሌዘሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለዘለዓለም አይሠራም፣ ክትትልም ይፈልጋል። ቢሆንም ጣት አይጠይቅም። ለአካል ጉዳተኞች ቀድሞ የሚታሰብ ሕክምና መሆን ያለበት ይህ ነው ብለን እናምናለን። መሣሪያው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለጎጃም ሰው በሚቀርብ ቦታም ይኑር።

እኛስ? ለፋሲካ አገር ቤት ስንወርድ በግና ዶሮ ብቻ አንጠይቅ። "ጠብታዎን ማን ነው የሚያደርግልዎት?" እንበል፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን አሠራሩን አሳይተን እንመለስ። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች መሳብ፣ አንድ ጠብታ ማድረግ፣ ዓይንን መክደን፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን፤ ይኸው ነው። ደግሞም ግላኮማ በዘር ሐረግ ይሄዳል፤ ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው የራሱንም ግፊት ይለካ።

አጎታችን ቀኝ ዓይናቸው ዛሬም ያያል። እስከ መቼ እንደሚያይ የሚወስነው የእሳቸው ፈቃድ ብቻ አይደለም።

ቸር ያሰንብተን።