ብዕር የማይቀበል ካርድ

ሰው ከሰው ጋር በተዋወቀ ጊዜ ስሙንና ግብሩን በእጅ የሚያቀብልበት ትንሽ ካርድ፣ ስፋቱ ከመዳፍ ባይበልጥም እንኳ፣ ባለቤቱ በሌለበት ስለ ባለቤቱ የሚመሰክር ነውና፣ በምን ዓይነት ወረቀት ይታተም የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባውም። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙዎች በፕላስቲክ ተለብጦ የሚያብለጨልጨውን ካርድ የክብር ምልክት ያደርጉታል፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ይህን ልማድ መቃወም ነው።

ማተሚያ ቤቶች ወረቀትን የሚለዩት አንዱ ካሬ ሜትር በሚመዝነው ግራም ሲሆን፣ የቢሮ ማባዣ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 80 ግራም፣ ለስም ካርድ የሚመረጠው ደግሞ ከ250 እስከ 350 ግራም ነው። ይሁን እንጂ ክብደት ብቻውን የወረቀቱን ባሕርይ አይገልጥም። ፊቱ በነጭ ሸክላ ወይም በኖራ ድንጋይ ልቁጥ የተቀባው አርት ፔፐር ቀለሙን በላዩ ስለሚይዝ ሥዕልንና ኅብረ ቀለማትን አጥርቶ ያሳያል፤ ያልተቀባው ቀለሙን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ላሚኔት የተደረገው ግን በሙቀት በተጣበቀበት ስስ ፕላስቲክ ከውሃና ከላብ ሲጠበቅ፣ በዚያው መጠን ለብዕር ዝግ ይሆናል።

በእኛ አገር ደግሞ የካርድ አገልግሎት የእጅ ጽሕፈት ካልተጨመረበት አይፈጸምም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብቻውን ወደማያደርስበት ከተማ እንግዳን የሚጋብዝ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ እያለ ምልክቱን ይነግራል፤ ቀጠሮውም በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት መለየት አለበት። ይህ ሁሉ የሚጻፈው በካርዱ ጀርባ ነው። የቀድሞ ጸሐፍተ ብራና ቆዳውን ወጥረው፣ ፍቀውና አለስልሰው ሲያዘጋጁ መሻታቸው ቀለም እንዲቀበል ነበር፤ እኛ በአንጻሩ ተጨማሪ ዋጋ ከፍለን ቀለም የሚመልሰውን እናሠራለን።

ያልተለበጠ ካርድ ቶሎ ያድፋል፣ ቀለምም ስለሚሰርግበት ፊደሉ ይደበዝዛል የሚሉ ሰዎች ነገራቸው ሐሰት አይደለም። በተለይ ሳድሱን ከግዕዙ፣ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነች፣ ደቂቅ ሆኖ የታተመ አማርኛ በእንዲህ ያለው ወረቀት ላይ ይጨፈናል። መድኃኒቱ ግን ፕላስቲክ ሳይሆን ልከኝነት ነው፤ በ85 በ55 ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ የማዕርግ ዝርዝር መደርደር ውዳሴ ከንቱ ስለሆነ፣ ያን ቀንሶ ፊደሉን ማጉላት፣ እንግሊዝኛው በጀርባ ከሆነም የጀርባውን ግማሽ ባዶ መተው ይበቃል።

እጁ ከዘይትና ከውሃ የማይርቅ ባለሙያ፣ ለምሳሌ መካኒክ፣ ካርዱን ቢያስለብጥ አይነቀፍም። ሌላው ግን ሺህ ካርድ ከማዘዙ በፊት ከማተሚያ ቤቱ ቁራጭ ናሙና ይጠይቅ፤ በእስክሪብቶ ይጻፍበት፤ ጥቂት ቆይቶ በጣቱ ይጥረገው። ጽሕፈቱ ከተፋቀ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለስም ካርድነት አልተፈጠረም።