ልጆችን ይዞ በባሕር ዳር ስለ መጓዝ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ሕፃናት በቤት ውስጥ ስለሚበሉትና ስለሚጠጡት ነገር ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከቤት ወጥተን ስለ መንገድ እንድንጽፍ አንዲት የተከበሩ እመቤት በላኩልን ደብዳቤ ጠይቀውናል። ባለቤታቸው በመጪው የገና ዕረፍት ቤተ ሰቡን በኦቶሞቢል ወደ ጅቡቲ ወስደው፣ ከዚያም በባሕሩ ዳር ዞረው እስከ ታጁራ ለማድረስ አስበዋል። ልጆቻቸው ግን አንዱ የሰባት ዓመት፣ አንዲቱ የአራት ዓመት፣ ታናሹ ገና የስምንት ወር ናቸውና «ይዣቸው ልሂድን፣ ወይስ ለአያታቸው ትቻቸው?» ሲሉ ምክር ይሻሉ።

የእኛ መልስ፣ ይዘዋቸው ይሂዱ የሚል ነው። ነገር ግን መንገዱ በአባት ችኮላ ሳይሆን በልጅ ዐቅም ይለካ እንላለን፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ኹሉ የዚህ ነገር ማብራሪያ ነው።

በቀድሞ ዘመን መኳንንቱም ሆኑ ሹማምንቱ ወደ ቆላ ሲወርዱ ሕፃናቱን ለአያት ወይም ለሞግዚት ትተው መሄድ ልማድ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በበቅሎ ብዙ ቀን በበረሓ ውስጥ መጓዝ ለሕፃን የሞት መንገድ ነበርና። ዛሬ ግን መንገዱ አጥሯል፣ መድኃኒቱም ተገኝቷል፤ ልማዱ ብቻ ቀርቶ ልጆቹን እቤት ያስቀራቸዋል። ከዚህም ሌላ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ድንበር ካልተሻገረ በቀር ያገራችን ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በሥዕል ብቻ ነው። የሐዋሳን ወይም የጣናን ሐይቅ ያየ ልጅ ባሕርን ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃው በጧት ርቆ ሸሽቶ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያየ፣ በጣቱም ነክሮ የቀመሰው ልጅ ጥያቄው አያልቅም፤ ወላጆቹም መልሱን አስቀድመው ቢያጠኑ ይሻላቸዋል።

ከኹሉ በፊት የሚያስፈልገው ወራቱን መምረጥ ነው። የጅቡቲ ጠረፍ ከኅዳር እስከ የካቲት ነፋሻና ደስ የሚል አገር ነው፤ የቀኑም ሙቀት በእነዚህ ወራት ከ30 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። በክረምታችን ወራት ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ አሸዋ የሚያነሣ ትኩስ ነፋስም ይነፍሳል። ለዚህ ነገር የቀደሙት መንገደኞች ምስክሮች ናቸው። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በተላከ ጊዜ፣ በግንቦት ወር ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርዶ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ ወደ ሸዋ ወጣ። በቀን መሄድ ስላልተቻለው በሌሊት ይጓዝ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በአሳል ዙሪያ ሰዎቹና ከብቶቹ በውሃ ጥም እጅግ ተሠቃዩ። እነርሱ የጠነከሩ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ በሰኔና በሐምሌ ሕፃን ይዞ ወደዚያ የሚወርድ አባት ምን እንደሚያደርግ ራሱ ያስብ።

የገና ዕረፍት ስለዚህ ለጉዞው የተመቸ ነው። ጾሙን ለሚጾሙ ወላጆች መንገዱ ጥቂት ሊከብዳቸው ይችላል፤ ትንንሾቹ ግን ጾም የለባቸውምና ምግባቸው በመንገድ ምክንያት እንዳይጓደል።

ስለ አወራረዱም ጥቂት እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ናት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ባሕሩ ድረስ ቁልቁለት ነው። የቀድሞው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ከዋና ከተማው እስከ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪውም አዋሽና ድሬ ዳዋ ያድር ነበር። በዚህ ነገር የቀድሞዎቹ ከእኛ ይልቅ ልጆችን የሚያውቁ ይመስላል። ዛሬ ባለ ኦቶሞቢሉ «በአንድ ቀን ገባሁ» ብሎ መኩራትን ይወዳል፤ ከኋላው የተቀመጠችው የአራት ዓመት ልጅ ግን ስንት ጊዜ እንዳስታወከች አይናገርም። መንገድ የሚያዞራቸው ይልቁንም ከሁለት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ልጆች ናቸው። እነርሱ በመስኮት ሩቅ እንዲያዩ እንጂ ወደ መጽሐፍ ወይም ወደ ስልክ እንዳያጐነብሱ ማድረግ፣ ከጉዞ በፊትም ጥቂት ዳቦ እንጂ ቅባት የበዛበት ወጥ አለመስጠት ይጠቅማል። በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ሳይመሽም አዋሽ ወይም ድሬ ዳዋ ማደር ተገቢ ነው። ከድሬ ዳዋ እስከ ጠረፉ እስከ ደወሌ 220 ኪሎሜትር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የጉዞ ወረቀትና የመግቢያ ፈቃድ፣ ለኦቶሞቢሉም የመተላለፊያ ወረቀት አስቀድሞ ማሰናዳት፣ የመንገዱንም ደኅንነት በተነሡበት ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል።

አኹን ከኹሉ የሚበልጠውን ነገር እንጽፋለን። በቆላ ልጅን የሚገድለው ብዙ ጊዜ አውሬ ወይም ሽፍታ ሳይሆን፣ የተዘጋ ኦቶሞቢል ነው። በፀሐይ የቆመ ኦቶሞቢል በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ የውስጡ ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ መስኮቱን ጥቂት ከፍቶ መተው እምብዛም አያድንም። የሕፃን ገላ ደግሞ ከትልቅ ሰው ገላ ይልቅ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ፈጥኖ ይግላል። «ተኝቷልና አልቀስቅሰው፤ ወረቀቱን አስመትቼ መጣሁ» ማለት በጠረፍ ኬላ ላይ የሚያዘወትሩት ነገር ነው። ይህን ከቶ አታድርጉ። ሕፃኑ ቢነቃም ያልቅስ እንጂ ይዛችሁት ውረዱ። በጉዞ ላይም ሕፃኑ በኋለኛው መቀመጫ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሕፃን ወንበር ታስሮ ይቀመጥ፤ በእናት ጭን ላይ መያዝ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ኦቶሞቢሉ ሲጋጭ የማንም እናት ክንድ አይችልም።

ልጁ ውሃ ያነሰው እንደ ሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው። ሽንቱ ይጠፋል፣ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ የሕፃንም እርግብግቢት ይጎደጉዳል። በዚያን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ኹሉም በትክክል ተሰፍሮ ሳይቆለል፣ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው፤ የሚጠባ ሕፃንም ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ጨውን ማብዛት ጉዳት አለው። ልጁ ገላው ግሎ የሚፈዝ፣ ወይም ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ወደ ጥላ አግብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ በውሃ እያራሱና እያራገቡ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ከጅቡቲ ከተማ እስከ ታጁራ በባሕሩ ሰላጤ ዙሪያ መንገዱ 170 ኪሎሜትር ያህል ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። ልጆች ያሉት ግን ሙሉ ቀን ይመድብለት፤ ቢቻል በከተማው ጥቂት ቀን ዐርፎ፣ ከጧቱ በ12 ሰዓት ይነሣ። በመጀመሪያ የአገራችንን ዕቃ ከወደብ በሚያመላልሱት ከባድ የጭነት ኦቶሞቢሎች መካከል ማለፍ ግድ ነው፤ በዚህ ስፍራ መሽቀዳደም አይገባም። የሰባት ዓመቱ ልጅ የኢትዮጵያ ሰሌዳ ያላቸውን ይቍጠር፤ ይህ ከልቅሶ ያድናል። በስተቀኝ ከፍ ብላ የምትታየው አርታ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ቀዝቀዝ ያለች ናት፤ ቍርሱን በዚያ መብላት መልካም ነው። ከአርታ በታች ባለው ባሕር ከኅዳር እስከ ጥር ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው ታላቅ ዓሣ ይመጣል፤ ስሙ ቢያስፈራም የሚመገበው በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረቶችን ነው። ታላቁን ልጅ በጀልባ ወስዶ ማሳየት ይቻላል።

ዋናው መንገድ ወደ ጋላፊ ሲያመራ የታጁራው ወደ ሰሜን ይገነጠላል። ጥቂት እንደ ሄዱም ጉቤት የሚባለው የባሕር ጕሮሮ በጥቍር ዐለት ተከቦ ከታች ብቅ ይላል፤ በመካከሉም የሰይጣን ደሴት የሚሏት ቍልል ዐለት ቆማለች። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ማየት ነው እንጂ በጉቤት በር ያለው የውሃ ኀይል ብርቱ ስለ ሆነ ልጆችን በዚያ ማጥለቅ አይገባም።

ከጉቤት ወዲያ በአጭር ርቀት አሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪቃ ኹሉ ከዚህ የጎደጎደ ምድር የሌለ ነው። በባሕሩና በሐይቁ መካከል ያለው ከእሳተ ገሞራ የቀለጠ ዐለት ብቻ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በኅዳር ወር መግቢያ አርዱኮባ የሚባለው ተራራ በዚሁ ስፍራ ፈንድቶ አዲስ ምድር ዘርግቷል። የአፍሪቃና የዐረብ ምድር በዚህ መስመር በየዓመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ይለያያሉ። ልጁ «ይህ ኹሉ ጨው ከወዴት መጣ?» ብሎ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። መልሱም የባሕሩ ውሃ በዐለቱ ስንጥቅ እየሠረገ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፣ ፀሐይ ውሃውን ታነነዋለች፣ ጨው ግን ይቀራል የሚል ነው። ስለዚህ ሐይቁ ከባሕር ዐሥር ጊዜ ያህል የጨመጨመ ሆነ። አፋሮች ከዚህ ጨው በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ገበያ ያደርሱ ነበር፤ የአያቶቻችንም ወጥ በከፊል ከዚህ ሐይቅ ጣዕም አግኝቷል ማለት ይቻላል።

እኛ በዚያ ባለፍን ጊዜ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከአባቷ እጅ አምልጣ ወደ ውሃው ስትሮጥ አየን። በጉልበቷ ላይ ትንሽ ጭረት ነበረባትና ጨዉ ሲነካት ቆማ ጮኸች፤ «አባዬ፣ ውሃው ነከሰኝ!» አለች። አባትየውም ሲያጥባት የመጠጡን ውሃ ጨረሰው፤ በአካባቢው ሌላ ጣፋጭ ውሃ የለም። ስለዚህ ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻ መያዝ፣ የጨዉም ድርድር እንደ ጠርሙስ ስለሚቈርጥ ጫማ ማልበስ፣ በሐይቁ ዳርም ከአንድ ሰዓት አለመብለጥ ይገባል። የስምንት ወሩ ሕፃን ግን ወደ ዳርቻው ባይወርድ እንመርጣለን፤ ጥላ የለምና። ከእናቱ ጋራ ከፍ ካለው የመንገድ ማቆሚያ ሞተሩ ሳይጠፋ ነፋስ እየተነፈሰለት ይቈይ፤ እናት በተራዋ ወርዳ ትይ።

ከዚያ እስከ ታጁራ ቀሪው መንገድ ቀላል ነው። በመካከሉ ሳጋሎ በሚባለው ስፍራ በ1881 ዓ.ም. አሺኖፍ የተባለ ሩሲያዊ ወደ ሐበሻ አገር እሄዳለሁ ብሎ ሰው ሰብስቦ ሰፍሮ ነበር፤ የፈረንሳይ መርከቦች ግን በመድፍ መትተው አስወጡት። ይህን ታሪክ አባት ለታላቁ ልጅ ቢነግረው መንገዱ ያጥራል። ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ብዙ መስጊዶች ያሏት ጥንታዊት የአፋር ከተማ ናት፤ ከእርሷም ወዲያ ነጭ አሸዋ ያለበት የመዋኛ ዳርቻ አለ። ልጆቹ በዚህ ይጫወቱ፤ ይኸውም ከጧት እስከ 4 ሰዓት፣ ደግሞም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። በባሕር ውስጥ የሾኽ ኳስ የመሰለ ፍጥረትና የሚቈርጥ ዛጎል ስላለ የጎማ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። ከወላጅ አንዱ እጁን ቢዘረጋ ልጁን በሚነካበት ርቀት ይቁም፤ ሞግዚት አለች ብሎ መተማመን አይበቃም፤ ደገኛዋ ሞግዚት ራሷ ዋና አታውቅ ይሆናልና።

በመጨረሻ ስለ ወባ። ብዙ ሰው ወባ የገጠር በሽታ ናት፣ በከተማ ሆቴል አትገኝም ይላል። ነገር ግን ስቴፈንሲ የምትባል፣ በከተማ የውሃ ጋንና በርሜል ውስጥ የምትራባ የእስያ ወባ ትንኝ በአፍሪቃ መጀመሪያ የታወቀችው በ2004 ዓ.ም. በዚያው በጅቡቲ ከተማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድሬ ዳዋም ደርሳለች። እንግዲህ አጐበር ከሻንጣው ቀድሞ ይታሰር፤ ልጁም ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢያተኵሰው ሐኪሙ የት እንደ ሄደ ይነገረው።

ለተመለሱ ጊዜ ከታጁራ እስከ ጅቡቲ በመርከብ መሻገር ይቻላል፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ስለ ልጆች ጥርስ መውጣትና ስለ ትኩሳቱ የተላከልንን ሌላ ጥያቄ በሚመጣው ሳምንት እንመልሳለን።