ከልጆች ጋር፦ የ«ኢትዮጵያ» መርከብ በካርቶን

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ምን ይሥሩ? ለዚህ ወር ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜ የሚፈጅ፣ ወጪው ቀላል የሆነ ሥራ መርጠንላችኋል፤ የጦር መርከብ ሞዴል። «አሬሮ ተቀምጠን፣ ባሕር ሳናይ?» ትሉ ይሆናል። ታሪኩ ግን ሩቅ አይደለም። በጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ ግንባር የግራዚያኒን ጦር የገጠሙት ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ፤ ነገሌም በጠላት የተያዘችው በዚያ ውጊያ ነው። ልጃቸው እስክንድር ደስታ አድገው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ ሆኑ።

የዚያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሯት ናት። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ሲሆን ሥራዋም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች፤ ምፅዋ ላይ ሆና መርከበኞች ሠለጠኑባት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ልኬቱ

መርከቧ 95 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስፋቷ 12.5 ሜትር ነው። 200 ጊዜ አሳንሷት። ርዝመቷ 47.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 6 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ይሆናል። በዚህ ልኬት 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው 8.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት።

አካሏ

ከውሃው በላይ ያለውን ብቻ ስለምትሠሩ ሆዷ አያስፈልጋችሁም። ፊቷ የሾለ፣ ኋላዋ ክብ አድርጋችሁ ወፍራም ካርቶን ላይ ንደፉ። በዚያ ልክ ወደ 10 የሚሆኑ ንብርብሮች ቆርጣችሁ በኮላ አጣብቁ፤ ጎኑን በወረቀት ሸፍኑ። ለመሪው ክፍል ትናንሽ የካርቶን ሣጥኖች፣ ለምሰሶው ስቴኪኒ፣ ለገመዱ ክር በቂ ነው። ከፊቷ አንድ ትልቅ መድፍ አትርሱ። ባሕሩን ጣውላ ላይ በጄሶ ሥሩት፤ ሳይደርቅ በማንኪያ ጀርባ እየነካችሁ ሞገድ አውጡለት፣ ቀለም ቀቡት፣ በመጨረሻም ቫርኒሽ አድርጉበት።

ጉዳቷ

«የተጎዳች መርከብ» ስትሏቸው ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ቀዳዳና ጭስ ነው። በውጊያ የተመታች ሌላ መርከብ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ከውጭ የመጣ ጥይት ብረቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ከውስጥ የፈነዳ ነገር ደግሞ ወደ ውጭ ይቀደዋል። ፎይል ላይ በእርሳስ ጫፍ ብትሞክሩት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። በዚህ መንገድ ቀዳዳው ራሱ ምን እንደ ደረሰ ይናገራል።

የእኛ መርከብ መጨረሻዋ ግን እንዲህ አልነበረም። ያለቀችው አገር አጥታ ነው። ስለዚህ ያላረፈባትን ጥይት አትጨምሩባት፤ ዝገት ስጧት።

ለዚህ የቦረና ምድር ሁሉን ሰጥቶናል። መጀመሪያ መርከቧን ቡናማ ቀለም ቀቡ። ሲደርቅ ውሃ እርጩባትና የኤል ሶድ ጨው እዚህም እዚያም በትኑ፤ ደቀቅ ያለው ሳይሆን ፈርጠም ያለው ይሻላል። ጨው ደርቆ ሲይዝ በላዩ ግራጫ ስፕሬይ ቀለም ንፉ፤ ይህን ግን አዋቂ ሰው ውጭ ሆኖ ያድርገው። ቀለሙ ሲደርቅ ጨዉን በጣት አሹት። ጨው የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ የተላጠ ብረት ይመስላል። ከዚያ ከደጃፋችሁ ቀይ አፈር ነፍታችሁ፣ ከውሃና ከጥቂት ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ከመልሕቁ ቀዳዳ ጀምሮ በቀጭን ብሩሽ ወደ ታች ሳቡት። ዝገት ሁልጊዜ ውሃ በወረደበት ይወርዳል። አታብዙት።

መርከቧን ወደብ ላይ በክር እሰሯት። ሰው አታቁሙባት።

ጥያቄው

አንድ ልጅ «ለምን ሸሸች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለመልሱ አትቸኩሉ፤ ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደ ነበርም ለመፍረድ አትጣደፉ። ነገሌ የጦር ሰፈር ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ስለ ጦርነት ተጠይቆ «ይቅር ልጄ» ብሎ የሚያልፍ አባት ወይም አያት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ፊት ለፊት ስትጠይቁት ዝም የሚለው ሰው፣ እጁ ካርቶን ሲቆርጥ፣ ዓይኑ ሥራው ላይ ሲሆን፣ ያወራ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን መቀስ ለእርሱ ስጡት። ካወራ ልጆቹ ይስሙ፤ ካላወራም ምሰሶውን ይትከልላችሁ።

ስትጨርሱ ከሥሯ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ ስሟ፣ የመጣችበት ዓመት፣ የሄደችበት ዓመት። በየሳምንቱ አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉላት።