ለተሸነፈ ዕጩ የተሰጠ ድምፅ የት ይገባል?

በአንድ የምርጫ ክልል 100 ሰዎች ድምፅ ሰጡ እንበል። አንደኛው ዕጩ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ አገኙ። 40 ያገኘው ወደ ምክር ቤት ይገባል፤ 60ዎቹ መራጮች የፈለጓቸው ሁለቱ ግን በር ላይ ይቀራሉ። የኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓት የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ እንደሚያሸንፍ ይደነግጋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃዋል።

ስሌቱ በብዙ የምርጫ ክልሎች ሲደመር ውጤቱ ይጎላል። በ1997 ዓ.ም ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ፤ ኢሕአዴግን የመረጠው የከተማዋ ነዋሪ አንድም ተወካይ አላገኘም። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ኢሕአዴግ በዚያችው ከተማ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተቃዋሚ መሪዎች መታሰራቸውና የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበቡ ስለማይካድ፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ላይ ማላከክ አይቻልም። ቢሆንም የአንድ ከተማ ሕዝብ አስተያየት በአምስት ዓመት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገለበጠ ብሎ ማመን ይከብዳል። ሥርዓቱ የድምፅን ልዩነት በመቀመጫ አባዝቶ ያሳያል፤ ዛሬ የጠቀመው ፓርቲም ነገ ሊጎዳበት ይችላል።

በ2007 ዓ.ም ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ያዙ። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በተቃውሞ ተናወጠች። መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባደረጉት ንግግር የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል አስታወቁ። በተከተለው ድርድርም ኢሕአዴግና ተደራዳሪ ፓርቲዎች 20 በመቶው ውክልና በተመጣጣኝ ሥርዓት እንዲሆን፣ የቀረው በአብላጫ ድምፅ እንዲቀጥል ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ግን ሕግ አልሆነም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የጸናው በነባሩ ሥርዓት ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም በተካሄደው ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ውስጥ ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸንፏል።

በሌላ አፍሪካዊት አገር ተመሳሳይ ችግር መፍትሔ አግኝቷል። በሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 የምርጫ ክልሎች 79ኙን አሸነፈ፤ ከአራት መራጮች የአንዱን ያህል ድምፅ ያገኘው ሁለተኛው ፓርቲ አንድ መቀመጫ ብቻ ደረሰው። ሁከት ተነሣ፤ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፤ የጎረቤት አገሮች ጦርም ገባ። በ2002ቱ ምርጫ 80ዎቹ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ሆነው፣ በድምፃቸው ልክ መቀመጫ ላላገኙ ፓርቲዎች ማካካሻ የሚሆኑ 40 መቀመጫዎች ተጨመሩ። መንግሥት የመሠረተው ያው አሸናፊ ፓርቲ ነው፤ ተሸናፊዎቹ ግን ክርክራቸውን ምክር ቤት ገብተው የሚያሰሙበት ወንበር አገኙ።

ታዲያ ሙሉ በሙሉ ወደ ተመጣጣኝ ውክልና መሻገር ለምን አይመረጥም? በሕግ ምሁራን ዘንድ ከሚነሡት መከራከሪያዎች ለገጠሩ ነዋሪ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ማዳበሪያ የዘገየበት አርሶ አደር ወይም ድልድይ የተሰበረበት ቀበሌ «የእኛ ተወካይ» ብሎ የሚጠይቀው በስም የሚያውቀውን ሰው ነው። ፓርቲው ባዘጋጀው ዝርዝር የሚገባ ተመራጭ ግን ተጠሪነቱ ከአካባቢው ሕዝብ ይልቅ ዝርዝሩን ላዘጋጀው ፓርቲ ወደመሆን ያዘነብላል። ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው እንዲያነሣ በአንቀጽ 12 እና 54 መብት ሰጥቶታል። ተወካዩ የአንድ ምርጫ ክልል ሰው ካልሆነ ይህን መብት ማን በማን ላይ ይጠቀምበታል? በአንጻሩ የምርጫ ክልል መኖሩ ብቻ ተወካዩ ከምርጫ በኋላ ወደ ሕዝቡ መመለሱን እንደማያረጋግጥ ማንም መራጭ ያውቃል። ቅይጥ ሥርዓት የተሻለ ሚዛን የሚያነሣው የአካባቢውን ተወካይ ሳያጠፋ ለቀሪው ድምፅ ቦታ ስለሚሰጥ ነው።

ለውጡ ግን በተራ አዋጅ አይሆንም። አብላጫ ድምፅም ሆነ ከ550 የማይበልጠው የመቀመጫ ብዛት በሕገ መንግሥቱ ተጽፈዋል። እነርሱን ለማሻሻል አንቀጽ 105 የሁለቱን ፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል፤ ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች ቢያንስ ስምንቱ መስማማት አለባቸው ማለት ነው። እጃቸውን የሚያወጡትም አብዛኞቹ በዚሁ በአብላጫ ድምፅ ተመርጠው የገቡ ናቸው።