ለቀብር ብቻ የምንደርስ ደንበኞች

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ የእኛ ሰፈር ልጆች ስልክ ሥራ በዝቶበት ሰነበተ። የዶሮ ማነቂያ ፍርስራሽ፣ አቧራ የለበሰ የእንጨት ደረጃ፣ ግማሹ ወድቆ ግማሹ የቀረ ሰገነት... አንዱ ይልካል፣ ሌላው ያስተላልፋል። ከፎቶዎቹ መካከል አንዱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሱቅ መዝጊያ ያሳያል። ከሥሩ አንድ አብሮ አደጋችን የልጅነታችን የበዓል ሱቅ መፍረሱን አርድቷል። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የሚያለቅሰው አለቀሰ፣ ልቡ የተሰበረው ተሰበረ፣ ከተማዋ ነፍሷን አጣች ያለም ነበር። እኔም አልቀረሁም፤ ሁለት መስመር የሐዘን ቃል ጣል አደረግኩ።

ማታ ላይ የሱቁ ባለቤት የመጨረሻ ልጅ ደወለልኝ።

«አንተ፣ አንተም እንደነሱ ነህ እንዴ?» አለኝ። «ሱቁን ከዘጋነው እኮ ሁለት ዓመት አለፈው።»

ሁለት ዓመት! ለካ የ2014ን ገና ሸጠው፣ ጥምቀት ሲያልፍ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ፣ ሁለት እንቁጣጣሽ፣ ሁለት ገና አልፏል። ከእኛ ከአልቃሾቹ መካከል መዘጋቱን ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም። በሌላ አነጋገር በእነዚያ ስድስት በዓላት አንዳችንም ለሻማ እንኳ ወደዚያ አልሄድንም።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው። ያንን ሱቅ ግሬደር አልገደለውም። ግሬደሩ የደረሰው ሬሳው ላይ ነው። የገደልነው እኛ ነን፤ ያውም በትዝታው የምንንሰፈሰፈው ደንበኞቹ።

ላላወቃችሁት ላስተዋውቃችሁ። ስሙን ግን አልጠራም፣ ቤተሰቡ አልፈለገም። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. የተከፈተች፣ ስፋቷ ከአንድ መኝታ ክፍል የማይበልጥ ሱቅ ናት። ደርግ ከወደቀ ገና አንድ ዓመቷ ነው። ባልየው ከባንኮኒው ኋላ ይቆማሉ፣ እኛ ልጆቹ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሚስትየው፣ «እትዬ»፣ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ስጦታ ትጠቀልላለች። ሦስቱ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ መሰላል ላይ ወጥተው ዕቃ ያወርዳሉ።

ሱቋ ቀን መቁጠሪያ ነበረች። ነሐሴ ሲገባ የአዲስ ዓመት ፖስት ካርዶች በገመድ ላይ እንደ ልብስ ይሰጣሉ። በዚያው ሰሞን ለወንዶች ልጆች ወረቀትና ቀለም ይመጣል። ያኔ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥለን በየቤቱ የምናዞር ነጋዴዎች ነበርና። ኅዳር ሲጋመስ የገና ዛፍ፣ ብልጭልጭ ኳስ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ በረዶ ነው ተብሎ ዛፉ ላይ የሚበተን ጥጥ ይደረደራል። ለፋሲካ ሻማውና አዲሱ ሲኒ ይወጣል። የኢድ ካርድም ነበረ። ጋሼ ለሙስሊም ደንበኞቻቸው ከታችኛው መሳቢያ ሳይሆን ከፊት ለፊት ነበር የሚሰቅሉት።

የእንቁጣጣሹን ቀለም ለእኛ በዱቤ ይሰጡን ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስሙን ደብተር ላይ አስጽፎ ቀለም ይወስዳል፤ ሥዕሉን አዙሮ ስሙኒውንና ሽልንጉን ከለቃቀመ በኋላ መስከረም ሁለት ዕዳውን ይከፍላል። የማይከፍል ልጅ ነበር ወይ? ነበር። ለገና ሲመጣ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ደብተሩን ገልጠው ያሳዩታል። በቃ። እኔ ዕዳ ምን እንደሆነ፣ ቃል መስጠት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ «ማኔጅመንት» ከዚያ ደብተር ብዙም አልጨመረልኝም።

ደግሞ ገነት አላስመስለው። ጋሼ ቁጡ ነበሩ። በምሳ ሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ዘግተው ይጠፋሉ። የተሸጠ ዕቃ መመለስ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ የተቃጠለ አምፖል ይዘህ ብትመጣ «ቤትህ ያለው መብራት ነው ጥፋቱ» ተብለህ ትመለሳለህ። ዛፉም፣ ኳሱም፣ መብራቱም ቻይና የተሠራ ነው። ዛሬ «ባህላችን ጠፋ» ብለው የሚያለቅሱት ወገኖች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው። የጠፋው ዕቃው አይደለም፤ ዕቃውማ ዛሬ በየመንገዱ ሞልቷል። የጠፋው ዕቃውን የሚሸጥልን፣ ስማችንን የሚያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ገደልነው? በአንድ ቀን አይደለም።

መጀመሪያ ካርዱን ተውነው። ከ1997 ምርጫ ማግስት የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር፤ የተመለሰው የሚሌኒየሙ በዓል ሲከበር በመስከረም 2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ጋሼ በዚያን ጊዜ «እኔን ያኖረኝ የጠፋው መልእክት ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። የሚሌኒየሙን ካርድ እንደ ጉድ ሸጡ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ በገመዱ ላይ የሚሰጣው ካርድ እየሳሳ ሄደ። ዛሬማ የበዓል ምኞታችን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚውል ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ አንድ ወዳጄ የላከልኝ ምኞት ግርጌ ላይ የማላውቀው ቤተሰብ ስም ተጽፎበት መጣ። ሳይነበብ የተላከ ፍቅር ይሏል ይሄ ነው።

«ይሄ ቴክኖሎጂ ነው፣ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ካርዱን ልተውላችሁ። ሲኒውንስ? ሻማውንስ? ሲኒ በስልክ አይላክም። እሱን የተውነው በቴክኖሎጂ ሳይሆን በኩራት ነው። የበዓል ባዛር ሲመጣ የመግቢያ ትኬት ቆርጠን፣ ተጋፍተን፣ በድምፅ ማጉያ ደንቁረን፣ ያንኑ ሲኒ ገዛን። ሞል ሲከፈት ደግሞ ወደ ሞል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ ሞል ውስጥ የተለጠፈ ዋጋ አይተን ትንፍሽ አንልም። ጋሼ ጋ ስንሄድ ግን ለአምስት ብር ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። ለማያውቀን ሻጭ ጨዋ፣ ለሚያውቀን ሰው ገብጋባ! «የድሮ ደንበኛህ አይደለሁም እንዴ?» ማለት በእኛ ቋንቋ «ከማንም በታች አስከፍለኝ» ማለት ነው። ደንበኝነት ጋሼን የሚያስከፍል እንጂ እኛን የሚያስከፍል ነገር አልነበረም።

ይህን ስጽፍ ከደሙ ንጹሕ ነኝ እያልኩ አይደለም። ያ ስልክ ከተደወለልኝ በኋላ እንደ ምንም አፍሬ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እትዬ ቡና ስታፈላ የዱቤ ደብተሮቹ የት እንዳሉ ጠየቅኳት። በካርቶን ተቀምጠዋል። የ1999ኙን ገለጥነው። በታኅሣሥ ወር ላይ የእኔ ስም አለ፤ ትዳር ይዤ ለመጀመሪያው ገናችን የወሰድኩት ባለ ቀለም መብራት። ቀሪ ስልሳ ብር። አልከፈልኩም! ከሥሬና ከላዬ የተጻፉትን ስሞች አየሁ። መምህሩ አለ፣ ነርሷ አለች፣ የቢሮ ኃላፊው አለ፤ የሚያለቅሰው አብሮ አደጌም አለ። ችግረኛው ደሃ ከፍሎ ተሰርዟል። ያልተሰረዘው ባለ ደመወዙ ነው። ገንዘቡን ላወጣ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝና «ተወው፣ ያ ብር ዛሬ የአንድ ሲኒ ቡና ነው፤ ቡናውን ጠጣ» አሉኝ። ከዚህ የባሰ ስድብ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሊሰድቡኝ ብለው አልነበረም።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ አፋችን። የመጨረሻው ልጅ፣ ያ የደወለልኝ፣ በአካውንቲንግ ተመርቆ አንድ ዓመት ያህል ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ነበር። ሐሳብ ነበረው፦ ዕቃውን በስልክ ማስተዋወቅ፣ የሸክላ ሠሪዎችን ጀበና ማምጣት፣ ሱቁን ማደስ። እኛ ምን አልነው? «ሥራ አላገኘህም እንዴ?» አልነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ሱቅ ልትቆም?» አልነው። ይህን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ቀልድ መስሎኝ። እናቶቻችን ደግሞ ለእትዬ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል፣ ያገኛል» እያሉ አጽናኗት፤ ልጇ የታመመባት ይመስል። በዓመቱ ባንክ ተቀጠረና ከረባት አሰረ። ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ያን ቀን ነው ሱቁ የሞተው። የቀረው የቀብር ቀጠሮ ነበር። የጋሼ ጉልበት መሰላል መውጣት እስኪያቅተው ድረስ ስምንት ዓመት ቆየ።

በአገራችን ነጋዴ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው። በዓል ሲደርስ «ስግብግብ ነጋዴ» ነው፣ ሲከስር ደግሞ «ምስኪን»። በመካከል ያለውን፣ በሙያው የሚከበረውን፣ ለልጁ የሚያወርሰውን ባለ ሱቅ ቦታ ነፍገነዋል። ከዚያ ደግሞ «በሌላው ዓለም መቶ ዓመት የሞላው የቤተሰብ ሱቅ አለ፣ እኛ ጋ ለምን የለም?» እያልን በየሻይ ቤቱ እንራቀቃለን። ሦስተኛው ትውልድ ከየት ይምጣ? ሁለተኛውን እኛው አሳፍረን አባረነው።

ቤቱስ? የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ትክክልም ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ቤቶቹ የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በፒያሳ ብዙ ባለ ሱቅ የሚነግደው በራሱ ግድግዳ ውስጥ አይደለም። ጋሼም ተከራይ ነበሩ። ጣራው ሲያፈስ ስንት ጊዜ በራሳቸው ገንዘብ እንዳደሱት፣ አንድ ቀን ግን «ልቀቁ» ቢባሉ ያፈሰሱት ሁሉ ውኃ እንደሚበላው ያውቁት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ለሠራው ስምና ለያዘው ደንበኛ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል፤ ሲነሳም እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሙያተኛ ሊጠየቅ፣ ሊመከር ይገባል። ለዚህ ጉዳይ ድምፁን የሚያሰማ ሰው ቢኖር አብሬው እጮኻለሁ። ነገር ግን ጩኸቱ የሚያምረው ሱቁ በሕይወት እያለ ነው። እኛ የጮኽነው ለተዘጋ በር ነው። ስድስት በዓል ሙሉ ያልገዛ ደንበኛ ስለ ፈረሰ ሱቅ ማንን ይከሳል?

ጋሼን ይህን ሁሉ ብዬ ሳማርርባቸው ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ። ሳቁ። «እኔን ምን ያስለቅሰኛል? ሦስት ልጅ አስተምሬበታለሁ፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንዷ አሜሪካ፣ አንዱ ባንክ። ሱቁ ሥራውን ጨርሷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው አትርፈው ነው የወጡት። የከሰርነው እኛ ነን። ልጄ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለእሱ በስሙ ደብተር ከፍቶ ቀለም በዱቤ የሚሰጠው ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ የት እንዳለ ንገሩኝ። እኔ አላገኘሁም። ሥዕል የምታዞሩ ልጆች የት ገባችሁ እያልን የምንጠይቀው እኮ ቀለሙን በእምነት የሚሰጣቸውን ሰው ከቀበርን በኋላ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቀንም። ፒያሳ በፈረሰችበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች እንዲከፈት ተወስኗል። ትልልቆቹ ይምጡ፣ አልቃወምም፤ ውድድር መልካም ነው። ነገር ግን ትንሹ ባለ ሱቅ በዋጋ አይወዳደራቸውም። ያለው አንድ ጉልበት የሚያውቀው ደንበኛ ነው። ደንበኛው ደግሞ እኛ ነን፤ የእኛን ጠባይ ደግሞ አሁን ተነጋገርነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰፈራችሁ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ አንድ ሱቅ አይጠፋም። ልብስ ሰፊውም፣ መጽሐፍ ሻጩም፣ ሲኒና ጀበና የምትሸጠው ሴትዮም ትሁን። ለሚመጣው በዓል ከእሷ ግዙ። ስትገዙ በአምስት ብር አትጨቃጨቁ። ዕዳ ካለባችሁ ክፈሉ። ልጇን ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ስታዩት «ሥራ አላገኘህም እንዴ?» አትበሉት፤ «እንዴት ነው ሥራ?» በሉት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ደግሞ ሱቁ ሲዘጋ ፎቶውን አትላኩልኝ።

እኔ የድርሻዬን ጀምሬያለሁ። ስልሳ ብሩን ጋሼ አልቀበልም ስላሉ ለእትዬ ሰጠኋት። ቆጥራ ተቀበለችና ደብተሩን አምጥታ ስሜን ሰረዘችው።